ካልቀመሰች እንዴት ይጣፍጣል?

«ካልቀመሰች እንዴት ይጣፍጣል?» ትላለች አክስቴ ሸምሲያ። ይህችን ጥያቄ መጠየቅ ከጀመረች ሦስት ዓመቷ ነው፤ መልስ ግን ፈልጋ አታውቅም። ለቅሶ ቤት ትጠይቃለች፤ አራስ ልትጠይቅ ሄዳ ትጠይቃለች፤ ላምበረት ቲማቲም እየመረጠች ለቲማቲም ሻጯ ትጠይቃለች። «የክርስቲያን ሥጋ ነው የምትሠራው፤ ከተማው ሁሉ ጣፈጠኝ እያለ ተራራ ይወጣላታል፤ እንግዲህ ካልቀመሰች እንዴት ይጣፍጣል?» ከዚያ ድምጿን ዝቅ ታደርግና የሞቱትን የሰፈራችንን ሼህ ለምስክርነት ትጠራለች። «ሼህ ዒምራንም፣ አላህ ይማራቸው፣ ‹ከእጇ አትብሉ› ብለው ነበር አሉ።» ማን አለ? አሉ። ለማን አሉ? አሉ ነው እንግዲህ። እሳቸው በሕይወት ሳሉ ሄደሽ ለምን አልጠየቅሽም የሚሉኝ አሉ። ምን ብዬ? ምን አጠፋሁና ነው ሰው በር ላይ ተንበርክኬ «እጄን መርምሩልኝ» የምለው? ጥያቄ ያላት ሸምሲያ ናት፤ እግር ደግሞ አላት።

ዛሬ ጠዋት ይህንኑ ስትል የሰማኋት እናቴ ሳሎን በር ላይ፣ ከመጋረጃው ወዲህ ቆሜ ነው። በአንድ እጄ ንጥር ቅቤ የሞላ ባልዲ ይዣለሁ፤ ትከሻዬ ላይ የቢላዋ ቦርሳዬና ተተኩሶ የታጠፈው ነጩ የሼፍ ጃኬቴ አለ። የታናሽ እህቴ የሀውላ ሰርግ ነው። ከሁለት ወር በፊት ራሷ ደውላ «ዘሉዬ፣ ድስቱን ካንቺ ሌላ ሰው ከነካው አላገባም» አለችኝ። እኔም ከሥራ ፈቃድ ጠየቅሁ፤ ኪሎው ከሺህ ብር ባለፈበት ሰሞን ቅቤ ከሸኖ አስመጣሁ፤ ፈረንሳይ ለጋሲዮን በተከራየኋት አንዲት ክፍል ውስጥ በኮረሪማና በኮሰረት ሳነጥር ሰነበትሁ። አከራዬ «ግቢውን የባለጸጋ ግቢ አስመሰልሽው፤ መብራቱን ግን ማን ሊከፍል ነው?» እስክትለኝ ድረስ። ታክሲ ውስጥ ረዳቱ «ባልዲዋም ትከፍላለች፣ ወንበር ይዛለች» ብሎ የሁለት ሰው አስከፍሎኛል። ይህን ሁሉ አልፌ ደጃፍ ላይ ስደርስ የተቀበለችኝ ያቺው ጥያቄ ናት።

መጋረጃውን ገልጬ ገባሁ። ሳሎኑ ሰርግ ሰርግ ይላል፤ ሶፋው አዲስ ልብስ ለብሷል፤ ግድግዳው ላይ የአባቴ የሸሪፍ ፎቶ በፕላስቲክ አበባ ተከቧል፤ ቴሌቪዥኑ ድምፁ ተቀንሶ መንዙማ ያሰማል። አክስቴ ሸምሲያ አፏ ውስጥ ያለውን ቴምር ወደ አንድ ጉንጯ ገፋ አድርጋ «ዘሉዬ! አሁን ስናነሳሽ ነበር፤ ዕድሜሽ ረጅም ነው» አለች።

«በምን አነሳችሁኝ?»

«በደግ ነው እንጂ፣ በምን እናነሳሻለን!»

ወንድሜ ሬድዋን ስልኩን በትከሻውና በጆሮው መሃል ይዞ ከጓዳ ብቅ አለ። ሙሉ ልብስ ለብሷል፤ እጅጌው ላይ የተሰፋው የፋብሪካ ስም ገና አልተቀደደም። ባልዲውን አየው፤ ከዚያ እኔን። «እዚያ ጥግ አስቀምጪው» አለኝ። «ዛሬ አንቺ ሥራ የለሽም፤ አርፈሽ ተቀመጪ። ኬተሪንግ ይዘናል፤ ከጉርድ ሾላ።»

«መቼ ነው የያዛችሁት?»

«ቆየ።»

«የሚነግረኝ ጠፋ?»

«ብንነግርሽ ትጨቃጨቂ ነበራ! ይኸው ጀመርሽ እኮ።»

እናቴን አየኋት። እማ የሻይ ፔርሙሱን ክዳን ትከፍታለች፣ ትዘጋለች። ውስጡ ሻይ የለም፤ ታውቃለች። እናቴን ሰፈሩ ሁሉ የሬድዋን እናት ነው የሚላት። የበኩር ልጇ እኔ ነኝ፤ ከሬድዋን በፊት ማህፀኗን የከፈትሁ፣ ከሬድዋን በፊት ድስቷን የጠረግሁ። ግን የዘሊካ እናት ብሎ የጠራት ሰው ሰምቼ አላውቅም። እሷም ራሷን እንደዚያ ጠርታ የምታውቅ አይመስለኝም። ስለዚህ የሬድዋን እናት መሆን ሲያስፈልጋት፣ የእኔ እናት የሆነችው ሴትዮ ፔርሙስ ትከፍታለች፣ ትዘጋለች።

ባልዲዬን ጥግ አስቀመጥሁት። ወዲያው አንዱ እንግዳ ኮቱን ጣለበት።

ይህን ቤት ለማያውቅ ሰው ጥያቄውም አይገባውም። ከፊት ለፊት መንገዱን ይዞ «ሸሪፍ ምግብ ቤት» አለ፤ ከኋላው እኛ ነን፤ በመሃል አንድ ጠባብ ማድ ቤት። ከላምበረት መናኸሪያ ወደ ሰሜን የሚሄድ አውቶቡስ የሚሳፈር ሰው ገና ሳይነጋ ክትፎ በልቶ የሚወጣበት ቤት ነበር። መክተፊያው ላይ እንድደርስ የለስላሳ ሳጥን ላይ ቆሜ ሥጋ መክተፍ የጀመርሁት የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ ነው። አባቴ እጄን ያውቀው ነበር። ጅማቱን ለይቼ አወጣለሁ፤ ቅቤውን ሳይፈላ፣ ለብ ብሎ ኮረሪማው ሲነሳ አዋህደዋለሁ። ግን ደንበኛ ሴት ልጅ ክትፎ ስትከትፍ ካየ ቤቱ ስሙ ይጠፋል ይል ነበር። እና እኔ ከኋላ እከትፋለሁ፤ እሱ ነጭ ሽርጡን አስሮ፣ ያልነካውን ቢላዋ በእጁ ይዞ ጣባውን ያወጣል። «የሸሪፍ እጅ ይባረክ!» ይላል ሰዉ። እጄ አባቴ ክንድ ላይ ተሰፍቶ ይባረካል። አባቴ ሲሞት ቤቱን ሬድዋን ተረከበ። እጁንም ሊረከብ ፈለገ። «አንቺ ከኋላ፣ እኔ ከፊት፤ እንደ አባባ» አለኝ። አይሆንም አልኩት። የሙያ ፈተና ተፈትኜ ወረቀቴን ያዝሁ፤ ፈረንጅ ሾርባ እንዴት እንደሚያጠራ ከስልክ ላይ ቪዲዮ እያየሁ ተማርሁ፤ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት በሚያስወጣው መንገድ ላይ፣ ባሕር ዛፍ ውስጥ ያለ አንድ ሎጅ ሳህን አጣቢ ሲፈልግ ገባሁ። ዛሬ ያንን ማድ ቤት የምመራው እኔ ነኝ። ሳህን ካጠብሁበት ገንዳ እስከ ሼፉ ጠረጴዛ ድረስ ያለው መንገድ አጭር ነው፤ እኔ ግን በእግሬ ነው የሄድሁት፤ ማንም አላዘለኝም።

እኔ ከወጣሁ በኋላ «ሸሪፍ ምግብ ቤት» ደንበኛው ሳሳ። «ያቺ ልጅ የት ሄደች?» የሚል በዛ። ያን ጊዜ ነው «ካልቀመሰች እንዴት ይጣፍጣል?» የምትባለው ጥያቄ የተወለደችው። አባቷ ማን እንደሆነ ማስረጃ የለኝም፤ መልኳን ግን አያለሁ።

አልቀምስም። የሎጁን ሥጋ ቀምሼ አላውቅም፤ ወላሂ። የሚቀምስልኝ ሰው አለኝ፤ ወርቅአየሁ ትባላለች፤ አጠገቤ የምትሠራ የኮተቤ ልጅ ናት፤ ክርስቲያን። ጨውን በሚዛን እመዝናለሁ፤ ቅቤን በሽታውና በድምፁ አውቀዋለሁ፤ የሥጋውን መብሰል በእጄ ጀርባ ሙቀቱን እለካለሁ። ከዚያ ወርቅአየሁ በማንኪያ ጫፍ ታነሳና የእኔና የእሷ ብቻ በሆነ ቋንቋ ትነግረኛለች። «ተኝቷል» ካለች ጨው ይቀረዋል። «ይጮሃል» ካለች ሚጥሚጣው በዝቷል። «ይተነፍሳል» ካለች ይወጣል። ሁዳዴ ሲገባ እሷ አትቀምስም፣ እኔም አልቀምስም፤ ፈረንጁ ግን ሥጋውን ያዛል። ያኔ ለፍርድ የምትቀርበው ሚዛን ብቻ ናት። ወርቅአየሁ አንዳንዴ «ሼፍ፣ ምን እንደሚመስል ሳታውቂው ልትሞቺ ነው እኮ» እያለች ትስቅብኛለች። ይህን ለአክስቴ ሸምሲያ ላስረዳት ሞክሬያለሁ። እስከ መጨረሻው ሰምታኝ፣ ራሷን ነቅንቃ፣ «እሱስ ይሁን፤ ግን ካልቀመስሽ እንዴት ይጣፍጣል?» አለችኝ።

እንግዲህ አርፌ ተቀመጥሁ። በራሴ እናት ቤት፣ እግሬን ገጥሜ፣ እንደ ሩቅ ዘመድ ለስላሳ ተከፈተልኝ። ግቢው ውስጥ ድንኳን ተተክሏል፤ የፕላስቲክ ወንበሮች ቀሚስ ለብሰው ተሰልፈዋል። ከጉርድ ሾላ የመጣው መኪና ዕቃ ሲያራግፍ በመስኮት አያለሁ። የምግቡ አለቃ ጅሬኛ የሚባል የጅማ ልጅ ነው። ከሩቅ ሲያየኝ ኮፍያውን አውልቆ «ሼፍ!» አለኝና ደነገጠ። ሎጃችን ለልምምድ መጥቶ ሳለ እኔ ዘንድ ሽንኩርት ሲከትፍ ከርሟል። መስኮቱ ሥር መጥቶ «የአንቺ ቤተሰብ መሆናቸውን አልነገሩኝም» አለ በሹክሹክታ። «አንቺ እያለሽ እኔ…»

«ሥራህን ሥራ» አልኩት። «ጎመኑን ቀድመህ ቀቅል። ቅቤውን እንግዳ ሳይቀመጥ እንዳትነካው።»

«እሺ፣ ሼፍ።»

እሺ አለ እንጂ የቤቱ ጌታ ሬድዋን ነው። ሰባት ሰዓት ሲሆን የሙሽራው የጠሀ ወገኖች ለሬድዋን ደወሉለት። ሬድዋን ድንኳኑ መሃል ቆሞ፣ «መገናኛ ደርሰዋል! ምግቡን አዘጋጁ!» ብሎ ጮኸ። በዚህ ከተማ የተወለደ ሰው መገናኛ ደርሰናል ማለት ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። መገናኛ ደርሰናል ማለት ካልሲ እየፈለግን ነው ማለት ነው። ጅሬኛ ግን የጅማ ልጅ ነው፤ የሰው ቃል ያምናል። የተከተፈውን ሥጋ በሙሉ በትልልቅ ጎላዎች አድርጎ ቅቤውን ጨመረበት። ሰው ክትፎን ይጠብቃል እንጂ ክትፎ ሰውን አይጠብቅም። ሙሽራውና ወገኖቹ ስምንት ሰዓት አልመጡም። ዘጠኝ ሰዓት ሲቃረብ አሁንም መገናኛ ናቸው፤ መንገድ ተቆፍሮ ነው አሉ። ድንኳኑ ውስጥ ያለው ዘመድ ወንበሩን እየቀያየረ፣ ሕፃናት እያለቀሱ፣ ሽማግሌዎች ወደ ማድ ቤቱ አቅጣጫ እያዩ ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ።

እኔ የሆነውን ያወቅሁት በአፍንጫዬ ነው። የረጋ ቅቤ፣ ጥሬ ሥጋ ውስጥ፣ በድንኳን ሙቀት። ከማድ ቤቱ የድምፅ ጥድፊያ ተሰማ፤ ጅሬኛ ሲምል፣ ሬድዋን ሲሳደብ። ከዚያ እማ መጣች። ከጠዋት ጀምሮ ልጄ ያላለችኝ እናቴ አጠገቤ ቁጢጥ ብላ፣ ጭኔ ላይ የታጠፈውን ጃኬቴን ጫፍ ይዛ፣ «ልጄ፣ ክትፎው ጠቁሯል፣ ቅቤው እንደ ሻማ ሆኗል» አለችኝ። «ሊደፋ ነው። ሰዎቹ መገናኛን አልፈዋል።»

«ኬተሪንግ ይዛችኋል እኮ።»

«እሱ ልጅ እያለቀሰ ነው።» ወደ ሳሎኑ በር ዞር ብላ አየችና ድምጿን ዝቅ አደረገች። «በጓሮ በኩል ግቢ። ማንም አያይሽም።»

እስኪ ይህን ዓረፍተ ነገር ደግማችሁ ስሙት። ማንም አያይሽም። እጄ ርኩስ ነው፤ ካልታየ ግን ይበላል። ሐራሙ ሥጋው ላይ አይደለም፣ ሐራሙ ፊቴ ላይ ነው ማለት ነው። አባቴም ይህንኑ ነበር የሚለው፤ እሱ ቢያንስ ሃይማኖት አልጠቀሰም፤ «ደንበኛ ያፍራል» ብሎ ነው የደበቀኝ። ተነስቼ ባልዲዬን ይዤ ልወጣ፣ ታክሲዬን ልይዝ፣ ወደ ተራራዬ ልሄድ ቆርጬ ነበር። ሀውላ ያለችበትን ክፍል ማለፍ ነበረብኝ። በሩ ክፍት ነው። እህቴ በሴት ጓደኞቿ ተከባ፣ በነጭ ሂጃቧ ላይ የጌጥ ድንጋይ እየተሰካላት፣ ፊቷ በሜካፕ ብዛት የሌላ ሰው ሆኖ ተቀምጣለች። ዓይኗ ግን የራሷ ነው። አይታኝ ተነሳች፤ መርፌው ሂጃቧ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ።

«ዘሉዬ፣ እኔ አልነበርሁም። ኬተሪንግ የያዙት ሳይነግሩኝ ነው። ትናንት ማታ ነው የሰማሁት።»

«ስልክ የለሽም?»

«ፈራሁ።» ሜካፕ የሠራችላት ልጅ «አታልቅሺ፣ ይፈሳል!» አለች። ሀውላ አፍንጫዋን ወደ ላይ ሰብስባ እንባዋን ለማስቀረት እየሞከረች፣ «የጠሀ እናት ገና ዛሬ ነው ቤታችን የምትገባው» አለችኝ። «ዕድሜዬን ሙሉ ሰርግሽ ላይ ምግብ ተበላሸ ልትለኝ ነው። ለወንድምሽ አይደለም። ለእኔ ብለሽ።»

ለእህቴ ብዬ እሺ አልኩ። ሬድዋንን ግን ኮሪደሩ ላይ አቆምሁት። «እሠራለሁ» አልኩት። «ስትጨርሱ በማይክ፣ ማን እንደሠራው ለእንግዳው ትናገራለህ። ስሜን ጠርተህ። ዘሊካ ብለህ።»

«እናገራለሁ።»

«በል ማል።»

«ወላሂ እናገራለሁ፤ አሁን ግቢ በናትሽ!»

ነጩን ጃኬቴን ለብሼ፣ ባልዲዬን ከነኮቱ አንስቼ ገባሁ። ማድ ቤቱ ያው ነው፤ ግድግዳው ላይ የእኔ የቁመት ልክ የሆነ የጥቀርሻ ጥላ አለ፤ የለስላሳው ሳጥን እንኳን ጥጉ ላይ ተደፍቶ ቄጠማ ተቀምጦበታል። ጅሬኛ ዓይኑ ቀልቷል። «ሼፍ፣ ‹ደርሰዋል፣ ቀላቅል› አሉኝ…» አለ። «ለቅሶ ማታ ነው፤ እሳት ጨምር» አልኩት። ይህ ሥጋ ጥሬም ለብለብም ሆኖ አይወጣም፤ ሰዓቱ አልፎበታል። ብረት ምጣዶቹን አስጣድሁ፤ ከባልዲዬ ላይ የእንግዳውን ኮት አንስቼ ጣልሁና ክዳኑን ከፈትሁ። የኮረሪማው ሽታ ማድ ቤቱን ሲሞላው የጅሬኛ ረዳቶች ሁሉ ዞር አሉ። ቅቤዬን አግዬ ሥጋውን ጥቂት ጥቂት እያደረግሁ፣ የረጋው እስኪፈታ፣ እያንዳንዱ ፍሬ ተለይቶ እስኪንጫጫ ድረስ አበሰልሁት። የተቀቀለውን ጎመን አድቅቄ ከትፌ፣ ውሃውን በጨርቅ ጨምቄ ቀላቀልሁበት፤ ሚጥሚጣውን ከእሳት ካወረድሁ በኋላ በመጨረሻ። ሊደፋ የነበረው ክትፎ ጎመን ክትፎ ሆነ፤ መጀመሪያም እንደዚያ ታስቦ የተሠራ መሰለ። አይቡን ለየሁ፤ ቆጮውን ትኩስ አስቆረጥሁ።

ከዚያ ቆም አልኩ። ሥጋው የራሳችን ነው፤ ላምበረት ካለው ሙስሊም ሥጋ ቤት የመጣ፣ ቢስሚላህ ተብሎ የታረደ። ማንኪያ አነሳሁ። ሎጅ ከገባሁ ጀምሮ ለብዙ ሰው የሠራሁትን ሥጋ ራሴ ስቀምስ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ምላሴ ላይ አስቀምጬው ዓይኔን ጨፈንሁ። ቅቤው፣ ከኋላው ኮረሪማው፣ ከዚያ ቀስ ብሎ የሚመጣው የሚጥሚጣ እሳት። ወርቅአየሁ ስትነግረኝ የኖረችው ነገር ይህ ነው ማለት ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ ሰው ተራራ የሚወጣለትን እኔ በወሬ ነው የማውቀው።

«እንዴት ነው፣ ሼፍ?» አለ ጅሬኛ።

«ይተነፍሳል» አልኩት። አልገባውም። «አውጣው።»

ሙሽሮቹ ገቡ፤ እልልታው ድንኳኑን ነቀነቀው። ምግቡ ወጣ። ማድ ቤቱ በር ላይ፣ ከመጋረጃው ወዲህ ቆሜ ሰው ሲበላ አየሁ። ሰው ሲርበው አይዋሽም፤ ጨዋታው ቆመ፤ የሚሰማው የማንኪያና የጣባ ድምፅ ብቻ ሆነ። የጠሀ እናት ለጎረቤቷ የሆነ ነገር ሹክ ብላ ራሷን በአድናቆት ስትነቀንቅ ሀውላ ከመድረኩ ላይ በዓይኗ ፈለገችኝ። አክስቴ ሸምሲያ ሁለተኛ ሳህኗን እየጠረገች ናት። ጣቷን ላሰችና ለአጠገቧ ሴትዮ እንዲህ ስትል በጆሮዬ ሰማሁ፤ «አየሽ፣ ንጹሕ እጅ ማለት ይህ ነው! ከእጅ ይታወቃል እኮ።»

ሬድዋን ማይኩን ያዘ። እንግዶቹን አመሰገነ፤ የመንገዱን መዘጋት አማረረ፤ ሰዉን አሳቀ። ከዚያ «ይህን የመሰለ ምግብ ላቀረቡልን፣ ከጉርድ ሾላ ድረስ ለመጡት ባለሙያዎች ጭብጨባ!» አለ። ተጨበጨበ። ጅሬኛ ድንኳኑ ጥግ ቆሞ ጫማውን ያያል፤ እጁን ለሰላምታ እንኳን አላነሳም። እማ ከሴቶቹ መሃል ተቀምጣለች፤ እሷም አጨበጨበች። ሁለቴ።

ከመጋረጃው ወጣሁ። በነጩ ጃኬቴ፣ ደረቴ ላይ ቅቤ ፈንጥቆበት፣ የመጨረሻውን ጎላ በሁለት እጄ አቅፌ ድንኳኑ መሃል አስቀመጥሁት። ማይክ አላስፈለገኝም፤ አውቶቡስ ጥሩምባ ሥር ያደገች ሴት ድምፅ አላት።

«አሰላሙ አለይኩም» አልኩ። «የበላችሁትን የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ዘሊካ ሸሪፍ። ቀምሼዋለሁ። ጨው ካነሰ የእኔ ነው፤ ከጣፈጠም የእኔ ነው። ሐላል ይሁንላችሁ።»

የአክስቴ ሸምሲያ ጉርሻ ግማሽ መንገድ ላይ ቆመ። ከዚያ የሆነውን ብነግራችሁ ዘመድ ማለት ምን እንደሆነ ይገባችኋል። የጠሀ ወገኖች፣ የማያውቁኝ፣ ከሩቅ የመጡት፣ መብላታቸውን ቀጠሉ። እንዲያውም ጺማቸውን ሂና የተቀቡ አንድ ሽማግሌ፣ «ታዲያ ምን ታወሪያለሽ፣ ልጄ? ይዘሽው ከመጣሽ ጨምሪልን እንጂ!» ብለው ሳህናቸውን ዘረጉ። በእኛ በኩል ግን ሳህን አንድ በአንድ መሬት ወረደ። አጎቶቼ፣ የአጎቶቼ ሚስቶች፣ ሳጠባቸው የኖርኋቸው የአክስቶቼ ልጆች። ሁሉም አፋቸውን በሶፍት ጠረጉ። አፉ የገባውን የተፋ ግን አላየሁም። አክስቴ ሸምሲያም የያዘችውን ጉርሻ ዓይኗን ጨፍና ዋጠችው፤ ከዋጠች በኋላ ነው ሳህኗን ያስቀመጠችው።

ሬድዋን ክንዴን ይዞ ወደ ኮሪደሩ ጎተተኝ። «አዋረድሽን!» አለኝ ጥርሱን ነክሶ። «በእህትሽ ሰርግ፣ በሰው ፊት!»

«ወላሂ ብለህ ነበር።»

«እሱን ተይውና…»

«ልቀቀኝ። ክንዴ ያንተ አይደለም። የአባባም አልነበረም።»

ለቀቀኝ። ሽማግሌው ሳህን ላይ ጨመርሁላቸው፤ «እጅሽ ይባረክ» አሉኝ፤ ፊቴን እያዩ። ሀውላ ስትሸኝ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ ሜካፗን ጃኬቴ ላይ ትታልኝ ሄደች።

አመሻሽ ላይ ድንኳኑ ባዶ ሆነ። ዘመድ ሁሉ ሳይሰናበተኝ ሄዷል፤ አክስቴ ሸምሲያ ብቻ በር ላይ ቆም ብላ «ቅቤው የየት ነው?» ብላ ጠይቃኛለች፤ የሸኖ ነው አልኳት። ከእንጦጦ በኩል ቀዝቃዛ ነፋስ እየወረደ የድንኳኑን ሸራ ያርገበግባል። እማና እኔ ማድ ቤቱ ደጃፍ ተቀምጠን ጎላ እናጥባለን። እሷ ታሻለች፣ እኔ አለቀልቃለሁ፤ ልጅ ሳለሁ እንደነበረው። በመካከላችን ያለው ዝምታ አዲስ አይደለም፤ የቤት ዕቃ ነው፤ ማን ወስዶ ይጣለው? ባዶውን ባልዲዬን አጥባ፣ በቀሚሷ ጫፍ አድርቃ ሰጠችኝ። ከዚያ፣ የሆነ ስጦታ እየሰጠችኝ እንዳለች ሁሉ፣ ዓይኗን ከጎላው ሳታነሳ፣ «ሼሁን እኮ ጠይቄያቸው ነበር» አለች።

«የትኛውን ሼህ?»

«ሼህ ዒምራንን። አንቺ እዚያ ቤት ማብሰል የጀመርሽ ጊዜ፣ ወሬው ሲበዛብኝ፣ ቤታቸው ሄድሁ። ሬድዋን ነው የወሰደኝ፤ አብሮኝ ተቀምጦ ነበር።» የምታሽበትን ስፖንጅ ጨመቀችው። «‹ልጄ የክርስቲያን ሥጋ ታበስላለች፤ እጇ ይበላል ወይ?› አልኳቸው። ሳቁብኝ። ‹እጇ ምን አደረገ? ሐላል ከሠራች ሐላል ነው› አሉኝ።»

እጄ ውስጥ ያለው ባልዲ ቀዘቀዘኝ። «ሦስት ዓመት ሙሉ ለምን አልተናገርሽም?»

«ሬድዋን ‹ዝም በይ፤ ይህ ከተወራ ሰዉ ሁሉ ወደ እሷ ይሄዳል፤ ቤቱ ይዘጋል› አለኝ።» ትከሻዋን ነቀነቀች። «ቤቱን የያዘው እሱ ነው፣ ልጄ። ምን ላድርግ?»

ባልዲዬን አነሳሁ፤ የቢላዋ ቦርሳዬን ትከሻዬ ላይ አንጠለጠልሁ። የግቢውን በር ስከፍት እማ ከኋላዬ፣ የረሳችው ነገር ትዝ እንዳላት ሁሉ፣ እንዲህ አለች፦

«ደግሞ ‹ያንን የአባቷን ቤት ክትፎ ትሠራ የነበረችው እሷ እንደሆነች አውቃለሁ፤ ከእጇ ላኪልኝ› ብለውኝ ነበር። ልልክላቸው፣ ልልክላቸው እያልሁ፣ ሞቱ።»